በዘይነባ የልብስ ገመድ የተሠመረው ክብ

ነኢማ መሀል ላይ፣ ችካሉ አጠገብ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ። አቶ ጥላሁን በራሳቸው በር ፊት፣ ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ መሬት ላይ ተክለው። ታደለች በአጥሯ ጥግ፣ ሰው ነቅሎ የሚወስድባት ይመስል ባህር ዛፏን በአንድ እጇ ይዛ። የነኢማ አባት ከድር ከክቡ ውጭ፣ አንድ እግሩን የሚኒባሱ ጎማ ላይ ሰቅሎ። እናቷ ዘይነባ ደጃፏ ላይ፣ እርጥብ ልብስ በክንዷ ተሸክማ፤ ልብሱ ተሰጥቶበት የነበረው ገመድ በእኔ እጅ ነውና። እኔ ደግሞ ከሁሉም ማዶ፣ በክቡ ጠርዝ ላይ፣ ገመዱን በጣቴ አጥፌ ይዤ፣ እንዳልንቀሳቀስ ተነግሮኝ ቆሜአለሁ።

በዚህ ዕድሜዬ “እማማ፣ ትንሽ አይተንፍሱ” የሚለኝ ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መጣ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ነገሩ ሁሉ የመጣው እኔ ብዙ ስለማልናገር ነው። በወጣትነቴ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በአንድ የቡና መጋዘን ቢሮ ታይፒስት ሆኜ ገባሁ፤ ከዚያው ጡረታ ወጣሁ። ታሪኬ ይኸው ነው። ነገር ግን በአገራችን “የድሮ አስራ ሁለተኛ” የሚባል ማዕረግ አለ። “የዛሬ ዲግሪ ምን ያደርጋል፣ የድሮ አስራ ሁለተኛ ነው እንጂ” ይባላል። ይህን የሚሉት አስራ ሁለተኛ ያልደረሱት ናቸው። የደረስነው ዝም እንላለን። እኔ ደግሞ ከሌሎቹም ይልቅ ዝም እላለሁ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው፣ ዝንብ አልገባም። ነገር ግን እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ጅማ ከተማ ጊንጆ ጉዱሩ ያለው ሰፈራችን ውስጤ ዕውቀት እየተጠራቀመ ነው ብሎ ያምናል። የመድኃኒት ብልቃጥ ያስነብቡኛል። የቆጣሪ ቁጥር ያሳዩኛል። የቴሌቪዥን ሪሞት ሳይቀር ይዘው የሚመጡ አሉ። መነጽሬን አደርጋለሁ፣ አገላብጬ አያለሁ፣ ቆይቼ “ባትሪው ይሆናል” እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ባትሪው ነው። ክብሬ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከድር በሬን አንኳኳ። ከድር ከጅማ አሰንዳቦ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ጥሩ ጎረቤት ነው፤ ሞተሩን ማለዳ ሲያስነሳ እንኳ ሰው እንዳይቀሰቅስ ወደ መንገዱ ገፍቶ አውጥቶ ነው። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ። የመኪና ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ፣ ልጁ ነኢማ ቅዳሜ የአዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እንዳላት ነገረኝ። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ ከየወረዳው ጥቂት ጎበዝ ልጆች ብቻ ይቀበላል። መምህሯ ትችላለች ብሏል። በሌላ በኩል ደግሞ አሰንዳቦ ላይ፣ አውቶቡስ በሚቆምበት ጥግ፣ ምግብ ቤት ያላት እህቱ ነኢማን ስጠኝ እያለችው ነው። እዚያው ትማራለች፣ ከትምህርት መልስ ታግዛታለች።

“መምህሩ ለሁሉም ልጅ ይችላል ነው የሚለው፣ እማማ” አለኝ። “አሰንዳቦ ከሆነች በየቀኑ በደጇ አልፋለሁ። ባልወርድ እንኳ ጡሩንባ ነፍቼ አያታለሁ። እዚያ ማዶ ከሄደች ግን…”

ቁልፉን በእጁ ጨበጠ።

“እርስዎ ይፈትኑልኝ” አለ በመጨረሻ። “ትችላለች ካሉኝ ቅዳሜ እወስዳታለሁ። አትችልም ካሉኝ፣ ወላሂ ቅር አይለኝም።”

ቅር አይለኝም ሲል ፊቱን አየሁት። ደስ እንዳይለው ራሱን የሚከላከል ሰው ፊት ነበር።

በዚህ ጊዜ አንድ አስተዋይ ሴት ምን ትላለች? “ልጄ፣ እኔ ታይፒስት ነበርኩ” ትላለች። እኔ ዝም አልኩ። ከድር ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ወሰደው፣ አመስግኖኝ ሄደ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ወዲያው ነኢማ የመለማመጃ ወረቀቷን አምጥታ፣ በሁለት እጇ ሰጥታኝ፣ “የፈለጉትን ይምረጡልኝ” ብላኝ ተመለሰች። ቀጭን ልጅ ናት፤ ሻርፗ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ እሷ ግን አታዘነብልም።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ክቦች ናቸው። በክቦቹ ውስጥ መስመሮች፣ በመስመሮቹ አጠገብ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ነገር። ሁሉንም አየሁና በሙያዬ እንደለመድኩት አጭሩን መረጥኩ። ሥዕሉ እንዲህ ነው። በክቡ ጠርዝ ላይ አንድ ማዕዘን ተቀምጧል፤ ሁለት እግሮቹን ዘርግቶ ማዶ ካለው ጠርዝ አንድ ቁራጭ ይቆርጣል። ያ የተቆረጠው የክቡ ቁራጭ ቅስት ይባላል። በማዕዘኑ ላይ ሦስት ኤክስ ሲደመር አምስት ተጽፏል። በቅስቱ ላይ ስምንት ኤክስ ሲቀነስ ሃያ። ኤክስ ስንት ነው?

እኔ አሰብኩ። ማዕዘኑና ቅስቱ ፊት ለፊት ናቸው። አንዱ ሌላውን ያያል። ፊት ለፊት የሚተያዩ ነገሮች እኩል መሆን አለባቸው አልኩ። ለምን እንዳልኩ አትጠይቁኝ፤ ሰው ብቻውን ሲሆን የሚናገረው ነገር ለራሱ አሳማኝ ነው። አስተካከልኳቸው። ሃያውን ወዲያ አሻገርኩ፣ ሦስቱን ኤክስ ወዲህ። ሃያ አምስት እኩል ይሆናል አምስት ኤክስ። ኤክስ አምስት።

ምንም ሽርፍራፊ የለው። ምንም ነጥብ የለው። በእኛ ጊዜ ሂሳብ ሽርፍራፊ ከወጣው ተሳስተሃል፣ ካልወጣው ልክ ነህ ነበር ሕጉ። ከስንት ዘመን በኋላ ኤክስን ሳላስቸግረው፣ እሱም ሳያስቸግረኝ አገኘሁት። ለራሴ ሻይ አፍልቼ ስኳሩን አንድ ማንኪያ ጨመርኩበት። የድሮ አስራ ሁለተኛ መሆኔን ያን ጠዋት እኔም አመንኩ።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ አባትና ልጅ መጡ። ከድር በሩ ላይ ቀረ። ነኢማ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። የመረጥኩትን ጥያቄ በጣቴ አሳየኋት። መነጽሬን አስተካክዬ ሳልጨርስ፣

“አስራ አምስት” አለች።

እኔ ወረቀቱን አየሁ። ልጅቷን አየሁ። ወረቀቱን መልሼ አየሁ።

“ልክ ነው?” አለ ከድር።

“የእኔ አምስት ነው” አልኩ።

ከድር ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ፤ ዳኛ ፈርዶ የጨረሰ ይመስል። አልተቆጣም፣ አላዘነም። “እሺ እንግዲህ፣ እማማ” ብቻ አለ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። አሰንዳቦ በዚያች ቅጽበት ቤቴ ውስጥ ገብታ እንደተቀመጠች ተሰማኝ።

ነኢማ አላለቀሰችም። ድምጿንም አላነሳችም። “እማማ፣ ማዕዘኑ እኮ የቅስቱ ግማሽ ነው” አለች፤ የሰው ነውር ለብቻው እንደሚነገር ዝግ ብላ። ከዚያም እርሳሷን አንስታ በወረቀቱ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ሠርታ ልታሳየኝ ጀመረች። አየሁ። አልገባኝም። አልገባኝም ማለት ደግሞ ለአፌ እንግዳ ቃል ነው። ስለዚህ፣

“ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ዓይኔ አያወጣውም” አልኩ።

ውሸት አይደለም። ዓይኔ በእርግጥም አያወጣውም።

“ትልቅ ባደርገው ያዩታል?”

“አያለሁ” አልኩ። በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ የምትሠራ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ግን ወጥታ ሄደች። ቆየት ብሎ የዘይነባን ድምፅ ሰማሁ፤ “ነኢማ፣ ማሎ፣ ልብሱ ገና አልደረቀም” እያለች ስትለምናት።

በአራቱ ቤቶቻችን መካከል አንድ ሣር ያለበት ሜዳ አለ። የማንም ስላልሆነ የሁላችንም ነው፣ የሁላችንም ስለሆነ ማንም አያጭደውም። ነኢማ መሀሉ ላይ ችካል መታች። የልብስ ገመዱን አንድ ጫፍ ችካሉ ላይ አሰረች። እናቷ ለምድጃ ካስቀመጠችው ጆንያ የቡና ገለፈት በጣሳ ቀዳች፤ ገመዱን ወጥራ ይዛ፣ ገለፈቱን እያንጠባጠበች ዞረች። ስትጨርስ የጀመረችበት ላይ ገጠመች። በአረንጓዴው ሣር ላይ ቡናማ ክብ ወጣ። እኔ በሳህን ዙሪያ እርሳስ አዙሬ እንኳ እንዲህ የሚገጥም ክብ ሠርቼ አላውቅም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ልቤ ግን ያን ጊዜ ወደ አስራ አምስት ማዘንበል ጀምሮ ነበር።

አሁን ስለ ሰፈራችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ሰፈር ገመድ ዘርግቶ ችካል የሚመታ ሰው ካያችሁ ልጅ እያስጠና ነው ብሎ የሚያስብ አንድም የለም። መንገዱ ይሰፋል የሚል ወሬ ከተሰማ ወዲህ ሰው ሁሉ በመስኮቱ ነው የሚያድረው። ታደለች ከደቡብ መጥታ ከሰፈረች ጀምሮ በአጥሯ ቀዳዳ ዳቦና ሙዝ ትሸጣለች። አምና ገመድ የያዙ ሰዎች መጥተው፣ “እያየን ነው እንጂ አንነካም” ብለዋት፣ የጎመን መደቧ ግማሹ መንገድ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ችካሉ ሲመታ ሙዟን ትታ ወጣች። “ጌታ ሆይ፣ ደግሞ መጡብን” ብላ ባህር ዛፏን ያዘች።

አቶ ጥላሁን ደግሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም ጃንጥላ ይይዛሉ። ገለፈቱ በበራቸው ፊት ሲያልፍ ጃንጥላውን ይዘው ብቅ አሉ።

“በማን ፈቃድ ነው?” አሉ።

ነኢማ ለፈተና እየተለማመደች እንደሆነ በትሕትና አስረዳቻቸው።

“ሁሉም ሲጀምር ልምምድ ነው” አሉና ገለፈቱ በበራቸው ፊት በሚያልፍበት ቦታ ላይ ቆሙ። “ከዚህች አንዲት ስንዝር አትገፋም።”

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ወደ ቤት መግባት ነው ልማዴ። ልጅቷ ግን እንደኔ አይደለችም። አቶ ጥላሁንን አየች፣ ታደለችን አየች፣ ፊቷ በራ። ለካ የምትፈልገው በክቡ ጠርዝ ላይ የማይነቃነቅ ሰው ነው። ሁለት አገኘች፤ ለዚያውም በጥይት የማይነቃነቁ።

“እዚያው ይቁሙልኝ አባባ። ታደለች፣ አንቺም እዚያው” አለች። የልብስ ገመዱን ከችካሉ ፈትታ አንድ ጫፉን ለእሳቸው፣ ሌላውን ጫፍ ለታደለች ሰጠች። የመሀሉን አጥፋ አምጥታ በጣቴ ላይ አደረገችና ከክቡ ማዶ አቆመችኝ። ገመዱ ከአቶ ጥላሁን ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ታደለች ተወጠረ። በወረቀቱ ላይ አልታይ ያለኝ ማዕዘን አሁን እኔው ራሴ ሆኜ ተገኘሁ።

“አዩት እማማ?”

“አየሁ” አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ፣ ማዕዘኑ ላይ ቆሜ።

አይተንፍሱ የተባልኩት ይኸን ጊዜ ነው። ነኢማ ከታደለች ሱቅ የሳሙና ካርቶን ወስዳ ጣቴ ሥር አስጠጋች። ሁለቱ የገመዱ ክንዶች የሚሄዱበትን በከሰል አሠመረች፤ በመስመሩ ላይ በመቀስ ቆረጠች። የእኔ ማዕዘን ከእኔ ተለይታ በልጅቷ እጅ ላይ ወጣች፤ እንደ ቁራጭ አምባሻ።

ከዚያ አባቷን ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የዕቃ ማሰሪያውን ገመድ ጠየቀችው። ከድር ፈትቶ ሰጣት። ያን ገመድ ደግሞ ከአቶ ጥላሁን ወደ መሀሉ ችካል፣ ከችካሉ ወደ ታደለች ወጠረችው። ሁለቱ ሰዎች ያው ናቸው፣ ከእነሱ መካከል ያለው ቅስት ያው ነው፤ አሁን ግን ከመሀል ነው የሚታየው። ካርቶኗን ችካሉ ላይ አስጠጋች። ገባች፤ ግን ቦታ ተረፈ። ካርቶኗን ገልብጣ በተረፈው ቦታ ላይ አደረገቻት። ልክ ሞላ። የከሰሉ ጠርዝና ገመዱ አንድ ላይ ሄዱ።

“ሁለቴ” አለች ነኢማ። “ከመሀል ያለው ከዳር ያለው እጥፍ ነው። ቅስቱ የሚለካው ደግሞ ከመሀል ነው።”

ታደለች ባህር ዛፏን ለቀቀች። ከድር ከጎማው ላይ እግሩን ሳያወርድ አንገቱን አሰገገ።

አቶ ጥላሁን ግን ፍርድ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። “ይህ ለእሳቸው ነው” አሉ፣ ወደኔ እያመለከቱ። “ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ቢቆም ያው ይደርሰዋል ወይ? መጀመሪያ ይኸ ይታይ።”

ልጅቷ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ደስ እንዲላት ማን እንዳስተማራት አላውቅም። ገመዱን እንደያዝኩ በጠርዙ ላይ ወደ ቀኝ እንድሄድ ነገረችኝ። ሄድኩ። ጉልበቴ ይቆረጥመኝ ነበር። ካርቶኗን አስጠጋች፤ ልክ። ወደ ግራ ሄድኩ፤ ልክ። ገመዱ ይዘማል፣ አንዱ ክንድ ያጥራል፣ ሌላው ይረዝማል፣ ማዕዘኑ ግን ያው ነው። አቶ ጥላሁን በእኔ አላመኑም። ጃንጥላቸውን በቆሙበት ቦታ ተክለው፣ ገመዱን እጀታው ላይ አስረው፣ ድንበራቸውን ለጃንጥላው አደራ ሰጥተው ራሳቸው ዞረው መጡ። ከጣቴ ላይ ገመዱን ተቀበሉ። ካርቶኗ ልክ ሆነች። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አሉ፣ ስትሳሳት ሊይዟት እንደፈለጉ ሁሉ ድንገት ዞሩ። አሁንም ልክ። ታደለችም አቶ ጥላሁንን ገመዷን አስይዛ ሞከረች። ልክ።

በሰፈራችን ስኳር ይታደላል፣ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ታች ያሉት ቤቶች ሲጠጡ ላይ ያሉት ያዛጋሉ። ከየትም ቢቆም ለሁሉም እኩል የሚደርስ ነገር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሶ እኔም ገመዴን ይዤ ማዶዬ እንደቆምኩ፣ ወደ መንደራ ቆጪ ሰፈር የሚሄድ ባጃጅ መጣ። የሚያልፍበት የእግር መንገድ በአቶ ጥላሁንና በታደለች መካከል ነው፤ ልክ በተቆረጠው ቅስት ላይ። ሹፌሩ፣ አንድ ጎረምሳ፣ ገለፈቱ ላይ ደርሶ ቆመ።

“ማዘር፣ ሰርግ ነው ወይስ ኬላ?” አለኝ።

ታደለች ነገሩን ከነካርቶኗ አስረዳችው፤ አሁን የእሷ ዕውቀት ሆኗል። ሹፌሩ ወረደ። ከየትም ቢቆም ያው ነው ከተባለ እኔም ልሞክር አለ፤ ከቆመባት አልተንቀሳቀሰም። ነኢማ አባቷን ለእርዳታ ትጠራለች ስል፣ አቶ ጥላሁን ቀድመው ጫፋቸውን ለጃንጥላው ትተው ገመዱን ከእኔ ተቀብለው ወደ ሹፌሩ ወሰዱና በጣቱ ላይ አጠፉት። ካርቶኗን አስጠጉ።

አልሆነም። ጨርሶ አልሆነም። የልጁ ማዕዘን አፉን በሰፊው ከፍቶ ነበር፤ ካርቶኗ በውስጡ እንደ አንድ ጥርስ ቀረች።

“ይኸው” አሉ አቶ ጥላሁን።

ከድር እግሩን ከጎማው ላይ አወረደ። ዘይነባ ደጃፏ ላይ ልብሱን ወደ ደረቷ አስጠጋች። እኔ ባዶ እጄን ማዶ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ ስለ ባትሪ ቢጠይቁኝ ብዬ ተመኘሁ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያየው ልጅቷን ነው።

ነኢማ ካርቶኗን አየች። ሹፌሩን አየች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ ግን የለም። ከዚያ ሄዳ ከልጁ ጎን ቆመችና እሱ ወደሚያይበት ዞረች።

“ወንድሜ፣ ከዚህ ሆነህ በገመዱ መካከል ምን ታያለህ?”

“ሁላችሁንም ነዋ። ማዘርን፣ መኪናውን፣ ያን ሁሉ።”

“እማማ ከማዶ ሲያዩ የነበሩት ይቺን ከአባባ እስከ ታደለች ያለችውን ትንሽ ቁራጭ ነው። አንተ የቆምከው እዚያችው ቁራጭ ላይ ነው። አንተ የምታየው የቀረውን፣ ትልቁን ነው።” ካርቶን አምጥታ የልጁንም ማዕዘን ቆረጠች። ሁለቱን ካርቶኖች ወስዳ ዘይነባ በቆመችበት የሲሚንቶ ደረጃ ጠርዝ ላይ፣ ጫፍና ጫፋቸውን አገናኝታ፣ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። የእኔ ጠባቧና የሹፌሩ ሰፊው ተጋጠሙ። ከታች ያለው ጠርዛቸው ከደረጃው ጋር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ።

“እማማ ትንሹን አዩ፣ አንተ ትልቁን አየህ። ሁለታችሁ አንድ ላይ ክቡን በሙሉ አያችሁ። እያንዳንዳችሁ ግን ግማሽ ግማሽ ነው የምትይዙት። የሙሉ ክብ ግማሽ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ነው።”

ሹፌሩ የተጋጠሙትን ካርቶኖች በጣቱ ነካ አደረገ። “ይመችሽ” አለና ባጃጁን በክቡ ዙሪያ፣ ገለፈቱን ሳይነካ፣ አዙሮ ሄደ።

እኔ ደስ አለኝ አልልም። ገመዱን ሄጄ ከአቶ ጥላሁን እጅ መልሼ ወሰድኩ፣ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ፣ ከቀድሞው አጥብቄ ያዝኩት።

ነኢማ ወደ መሀል ተመልሳ ወደ እኔ ዞረች። ከጉልበቷ ላይ ገለፈቱን አራገፈች። “አሁን ጥያቄው” አለች። ወረቀት አልያዘችም። “እማማ፣ በእርስዎ አምስት ብንተካ ማዕዘኑ ሃያ ይሆናል፣ ቅስቱም ሃያ። ከዳር የሚያየውና ከመሀል የሚያየው እኩል ነው ማለት ነው። ካርቶኗ ግን ሁለቴ ነው የገባችው። ስለዚህ ማዕዘኑን እናጥፈው። ስድስት ኤክስ ሲደመር አስር እኩል ይሆናል ስምንት ኤክስ ሲቀነስ ሃያ። ሠላሳ እኩል ይሆናል ሁለት ኤክስ። ኤክስ አስራ አምስት። ማዕዘኑ ሃምሳ፣ ቅስቱ መቶ።”

ሃምሳ ለመቶ ግማሹ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ። የድሮ አስራ ሁለተኛ ነኝ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። አቶ ጥላሁን፣ ታደለች፣ ዘይነባ። ከድር ከሁሉም በላይ። እንደ ልማዴ ዝም ብል ሁሉም የፈለገውን ይተረጉም ነበር። አንዱ “እማማ ሆን ብለው ነው የፈተኗት” ይል ነበር፤ ክብሬም ከነባትሪው ይተርፍ ነበር። ለአንድ አፍታ ይህንንም አሰብኩ።

“ተሳስቻለሁ” አልኩ። “አምስት አይደለም። ልክ እሷ ናት። እኔ ይህን አላውቀውም ነበር፤ አሁን እሷ አሳየችኝ።”

እንዲህ ብዙ ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። ታደለች ፊቷ ፈካ። “ተመስገን፣ እማማ ከተሳሳቱ እኛማ ምን አለብን” አለች። አቶ ጥላሁን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከሁለቱ ካርቶኖች አንዱ እሳቸው ዘንድ እንዲቀመጥ ጠየቁ፤ ገመድ የያዙ ሰዎች የመጡ ዕለት እንዲያቀርቡት። ነኢማ ሰፊውን ሰጠቻቸው። በብብታቸው ይዘው፣ ጃንጥላቸውን ነቅለው፣ ድንበራቸውን በዓይናቸው ለክተው ገቡ።

ጠባቧን ካርቶን ከድር አነሳት። ገመዱን በአቶ ጥላሁን ቦታ መልሶ የሚያስርበት ሲያጣ ችካሉን ነቅሎ እዚያ መታው። ከዚያ ወደ እኔ መጣና፣ ገመዱን ይዤ እንድከተለው በዓይኑ ለመነኝ። ተከተልኩት። በራሱ በር ፊት ቆመ፣ ካርቶኗን አስጠጋ፣ አየ። ፈቀቅ አለ፣ አስጠጋ፣ አየ። ልጁ ከክቡ መሀል ሆና ታየዋለች፤ አልረዳችውም፣ እሱም አልጠየቃትም። በክቡ ጠርዝ ወደ አስፋልቱ በኩል፣ ከቤቱ እጅግ ርቆ እስካለው ቦታ ድረስ ሄድን። እዚያ ካርቶኗን ካስጠጋ በኋላ ቶሎ አላነሳትም።

“ቶኩማ” አለ ለራሱ በኦሮምኛ። ያው ነው ማለቱ ነው።

ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “ነኢማ፣ ነገ ፈተናው የሚጀምረው በስንት ሰዓት ነው?” አለ።

“በሁለት ሰዓት።”

“እንግዲያው አስራ ሁለት ተኩል ላይ እንነሳለን። እኔ ነኝ የምወስድሽ። አሰንዳቦ ነገ ሌላ መኪና ይሂድ።”

ካርቶኗን በሸሚዙ ኪስ አስገባት። ሙሉዋ አልገባችም፣ ግማሿ ከኪሱ ወጥታ ታየች።

ዘይነባ እርጥቡን ልብስ እንደተሸከመች ነበረች። ገመዷን ጠቅልዬ ሰጠኋትና ወደ ቤቴ ገባሁ።